6 ወር ለምትሞላ ልጅ የመጀመሪያ ምግብ፦ ምጥን በማንኪያ ወይስ አጥሚት በጡጦ?

የጎፋዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 5 ወር ከ3 ሳምንት ሆኗታል፤ እስካሁን ከጡት ሌላ ውኃም አልቀመሰችም። በሚቀጥለው ሳምንት ምግብ ላስጀምራት ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አልተስማማንም። አማቴ 14 ዓይነት እህል የገባበት ምጥን አስፈጭተው ልከውልናል፤ አብሽም ተልባም ለውዝም አለበት። ሞግዚቷ ደግሞ «በማንኪያ ብንሰጣት ትተፋዋለች፣ አጥሚቱን አቅጥነን የጡጦውን ጫፍ በመቀስ ትንሽ ሰፋ እናድርገው» ትላለች።

ማወቅ የምፈልገው፦ ምጥኑ ምን ምን ይግባበት፣ በምን መጠን? በቀን ስንቴ፣ ስንት ማንኪያ? እንቁላልና ሥጋስ መቼ ነው? ፍልሰታ እየገባ ስለሆነ ጓዳው የጾም ነው፣ ለእሷ ለብቻ መሥራቱንም እንዴት እንደምናደርገው አላወቅንም። ደግሞ ያለ ትራስ አትቀመጥም፤ ለምግብ ገና ናት ማለት ነው?

ሥርዓተ ምግብ

ከመቀመጡ ልጀምርልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ ባወጣው መለኪያ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4ኛው ወር ገደማ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ባለው ጊዜ ይመጣል። በ6 ወር በትራስ መቀመጥ ምንም ማለት አይደለም። ለምግብ የሚያስፈልገው አንገቷን ቀጥ አድርጋ መያዟ፣ ሲደግፏት ወደ ጎን አለመውደቋና ማንኪያ ሲቀርብላት አፏን መክፈቷ ነው። ጭንሽ ላይ አድርገሽ ጀርባዋን ደረትሽ ላይ አስደግፊያት። ልጅን አጋድሞ፣ አፍንጫ ይዞ፣ በመዳፍ ማጋት ግን ጭራሽ አይሞከርም። ልጅ የሚውጠው ትንፋሹን ለመሳብ ሲል ስለሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ የሚሄድበት ዋናው መንገድ ይኼ ነው።

«ትተፋዋለች» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ መትፋት አይደለም። ምላሷ እስከ ዛሬ የሚያውቀው መጥባት ብቻ ስለሆነ የገባለትን ሁሉ ወደ ፊት ይገፋል። ትንሽ፣ ጎድጓዳ ያልሆነ ማንኪያ ጫፍ ላይ አድርጊና ምላሷ መሐል አሳርፊው፤ ከንፈሯን እስክትገጥም ጠብቂና ማንኪያውን ቀጥ አድርገሽ አውጪ። ብዙ ሰው የላይኛው ከንፈሯ ላይ ጠርጎ ያወጣዋል፤ እንደዚያ ከሆነ ከንፈሯን መጠቀም አትማርም፣ ምግቡም ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ጠልታው አይደለም።

ጡጦውን በሚመለከት፦ በዚህ ዕድሜ የልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ድረስ ከጡቱ በተጨማሪ በቀን ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል። በጡጦ ጫፍ የሚወርድ አጥሚት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሆዷን ይሞላል፣ ጡቱንም ያስተዋታል፤ ክብደቷ ግን አይጨምርም። በመቀስ የተቆረጠው ጫፍ ሲጠባ ፍሰቱ ከመዋጥ ይፈጥንና ትን ይላታል። የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ደግሞ ዱቄት ይገባል፤ በብሩሽም ቢሆን አይወጣም፤ ያ የተቅማጥ ቤት ነው። ስለዚህ ማንኪያና ጎድጓዳ ሳሕን፣ ለውኃ ደግሞ ተራ ኩባያ።

ውፍረቱን ለማወቅ ማንኪያውን ሞልተሽ ዘንበል አድርጊው። ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ በዝቷል፤ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ የሚወርደው ነው ልኩ።

መጠኑ፦ መጀመሪያ በቀን 2 ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ። ቀስ እያልሽ ከፍ አድርጊና 8 ወር ሲሆናት የ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ግማሽ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይድረስ። ከ9 እስከ 11 ወር ግማሽ ኩባያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፤ በመሐል ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም የተቀቀለ ድንች በእጇ ይዛ ትብላ። ጡቱ በፈለገችው ጊዜ ይቀጥላል። ርቧት ስታለቅስ ማንኪያ አትሞክሪ፤ ትንሽ ጠብታ ከተረጋጋች በኋላ ይሻላል።

ባለ ምጥን

ስለ ምጥኑ ያለኝን ልጻፍ። የዓይነቱ ብዛት በራሱ ምንም አይጨምርም። 14 ዓይነት አንድ ላይ ጀምረሽ በሦስተኛው ቀን ሽፍታ ቢወጣባት የትኛው እንደሆነ ማን ይነግርሻል? 3 እጅ እህል፣ 1 እጅ ጥራጥሬ በቂ ነው። ለ1 ኪሎ፦ ግማሽ ኪሎ የተሸከሸከ ገብስ ወይም ስንዴ፣ ሩብ ኪሎ አጃ፣ ሩብ ኪሎ ሽምብራ ወይም ምስር። ከዚያ በላይ አታስፈጪ፤ ለ2 ወይም 3 ሳምንት ይሆናል፣ ሲያልቅ እንደገና።

አሠራሩ፦ እህሉንም ጥራጥሬውንም ለየብቻ ልቀሚ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፈሽ 12 ሰዓት ካደረ በኋላ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፊው። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፤ ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥተሽ ጥርስሽ ላይ ቀጭ እስኪል አድርቂው። ውስጡ እርጥብ ሆኖ የተፈጨ ዱቄት በሳምንቱ ይሻግታል። ቀጥሎ በለስላሳ እሳት እየቆላሽ ሽታው ሲወጣ አውርጂ። ጠቆር እስኪል የታመሰ ጥራጥሬ ጣዕሙም ይመርራል፣ ፕሮቲኑም ይጎዳል። ሽምብራውን ከክተሽ ገለፈቱን አበጥሪው። የገብስና የአጃ ገለባ ጉሮሮዋን ስለሚቧጥጣት ከተፈጨ በኋላ በቀጭን ወንፊት ንፊው፤ ይኼን መዝለል የለም።

ወፍጮ ቤት ስትሄጂ የበርበሬና የሽሮው ወፍጮ ላይ እንዳያፈሱብሽ ቆመሽ እዪ። ከበርበሬ ቀጥሎ የተፈጨ የልጅ ዱቄት ዓይን አያሳየውም፤ ልጅቷ ግን አፏን ዘግታ ታለቅሳለች፣ ቤቱም «ምጥን አልተስማማትም» ይላል። እንደ ልማዱ ቀድሞ አንድ ጣሳ የራስሽን ስንዴ አስፈጭተሽ ወፍጮውን አስጠርጊ፤ የመጀመሪያውን ዱቄት ለቤት ተጠቀሚበት።

ስለ ጥራጥሬው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተከክቶ የተቀላቀለ ርካሽ ክክ አትግዢ፤ ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ጓያ እየተደጋገመ ከተበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። በፍሬው ግዢና ቤት ከኪው፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘናማና ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ከሽምብራ ይለያል። አኩሪ አተር ካማረሽ ቀቅለሽ ልጣጩን ገፈሽ ካደረቅሽው በኋላ ብቻ ነው የሚቆላው፤ ጥሬውን ቆልቶ መፍጨት ፕሮቲኑ እንዳይፈጭላት ሊያደርግ ይችላል።

ለውዝ ከዱቄቱ ጋር አይፈጭ። ቅባት ስለሆነ ዱቄቱን ቶሎ ያበላሸዋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የተጨማደደና ሻጋታ የነካው ለውዝ አፍላቶክሲን ይይዛል፤ በማብሰል አይጠፋም። ጥሩ ጥሩውን መርጠሽ ቆልተሽ፣ እንደ ቅቤ እስኪልም ወቅጠሽ፣ ገንፎው ሲበስል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሪበት። ተልባም እንዲሁ፤ በዱቄት መልክ አይቆይም። አብሹ ይመርራታል፣ ምንም የሚጨምርላት ነገር የለም። የአማትሽን ምጥን ግን አትመልሺ፤ ለአንቺ አጥሚት ይሁን። የምታጠባውም ትብላ እንጂ!

ገንፎው ሲሠራ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ፣ ወደ ፈላ 1 ኩባያ ውኃ እያማሰልሽ ጨምሪ። ደረቅ ዱቄት የፈላ ውኃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፣ የጓጎለው ውስጡ ጥሬ ነው። 15 ደቂቃ ይብሰል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የጥራጥሬ ዱቄት «ፈልቷል፣ በቃው» አይባልም። መጨረሻ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ። ጨው እስከ 1 ዓመቷ አያስፈልግም፣ ማርም እስከ 1 ዓመት ክልክል ነው። «ለሳል ትንሽ ማር» የሚሉ ይኖራሉ፤ ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል፣ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ይሠራል።

ጠላ ሻጭ ልጅ

ጤፍስ? ብረት በብዛት ያለው እሱ ነው እየተባለ ለምን ተዘለለ?

ባለ ምጥን

ይግባ፣ ችግር የለውም። ግን በላብራቶሪ የሚታየው የጤፍ ብረት ትልቁ ክፍል አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈሩ የተቀላቀለበት ነው፤ ሰውነት ከእሱ የሚወስደው ጥቂት ነው። ጤፍን እንደ እህል ቁጠሩት፤ «ብረት ሰጥቻታለሁ» ብላችሁ ሥጋና ጉበቱን እንዳትተዉት።

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ላይ ልግባ፤ የ6 ወር ልጅ ትልቁ ጉድለት ብረት ስለሆነ። ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣችው ክምችት ወደ 6 ወሯ ያልቃል፣ የጡት ወተት ደግሞ ብረቱ በጣም ትንሽ ነው። ከ7 እስከ 12 ወር በቀን 11 ሚሊ ግራም ይመከራል። እዚህ አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጡት ብቻ ለሚጠቡ ልጆች ከ4ኛው ወር ጀምሮ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም የብረት ጠብታ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ገዝታችሁ አትስጡ።

ሥጋ ከመጀመሪያው ሳምንት ይቻላል፤ ጥርስ አይጠብቅም። ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ሁለት ጊዜ ተፈጭቶ በትንሽ ውኃ ይቀቀልና በራሱ መረቅ ይለወስ። አብዛኛው ቤት መረቁን ለልጁ፣ ሥጋውን ለአዋቂው ይሰጣል፤ ብረቱ ግን ሥጋው ውስጥ ነው የቀረው። ጀምሪ በ1 የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በቀን 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ። ጉበት በሳምንት አንዴ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ቪታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛው በየቀኑ አይሆንም። ክትፎ ለብ ለብ ተደርጎም አይሰጥ፤ ኮሶ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እንቁላል ሙሉው፣ ነጩም ጭምር፣ በደንብ በስሎ። ገንፎው ሊወርድ ሲል የተመታ እንቁላል አፍስሰሽ 5 ደቂቃ አማስዪው። መጀመሪያ ቀን 1 የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ጠዋት ላይ፤ ማታ ከሰጠሻት የሚመጣውን ሽፍታ ሳታዪ ትተኛለች። ለውዝም እንደዚሁ። ከባድ ችፌ ያለባት ልጅ ከሆነች ግን ለውዙን ሐኪም አይቷት።

ከምግቡ ጋር ፓፓያ ወይም ብርቱካን ብትቀምስ የእህሉ ብረት በተሻለ ይገባል። ሻይ በተቃራኒው ያግደዋል፤ ዳቦ በሻይ ነክሮ ማጉረስ ልማዱ የትም አለ፣ እዚህም አለ። የላም ወተት ገንፎ ውስጥ ይግባ፣ አፍልታችሁ፤ እንደ ዋና መጠጥ ግን እስከ 1 ዓመት ይቆይ። እዚህ ላላችሁ እናቶች፦ ጡት የሚጠባ ልጅ በቀን 400 ዩኒት የቪታሚን ዲ ጠብታ ይወስዳል፤ አገር ቤት በጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ልጅ እዚህ በመስኮት መስታወት በኩል ቢቀመጥ ጥቅም የለውም፣ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያግዳል።

የጎፋዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምጥኑን እንደተባለው አዘጋጅተን ሞከርን። ሁለት ነገር አስቸገረን፦ ገንፎው ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ውኃ ስንጨምርበት ደግሞ ያው አጥሚት ሆነ። ካካዋም ደረቅ ብሏል። የፍልሰታውን ነገርም ማንም አልመለሰልኝም።

ጠላ ሻጭ ልጅ

ሙጫው መፍትሔ አለው፦ ብቅል። ከገበያ የተገዛ የጠላ ብቅል ግን አትጠቀሚ፤ በእርጥብ ቅጠል ታፍኖ ስለሚበቅል ሻጋታ ይነካዋል፣ ለጠላ ይቻለዋል ለሕፃን አይቻልም። ቤት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገብስ 24 ሰዓት ዘፍዝፊ፤ ውኃውን አጥልለሽ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው፣ ጠዋትና ማታ እጠቢው። በ2 ወይም 3 ቀን ሥሩ የፍሬውን ያህል ሲረዝም ፀሐይ ላይ አድርቂ፤ ሥሩን አሽተሽ አራግፊውና አስፈጪ። ብቅሉ አይቆላም፤ ከተቆላ የሚያቀጥነው ነገር ይሞታል።

አጠቃቀሙ፦ ገንፎውን ወፈር አድርገሽ አብስይ። አውርጂውና ጣትሽን አስገብተሽ ወዲያው የምታወጪበት ግለት ላይ ሲደርስ 1 የሻይ ማንኪያ ብቅል ለ1 ኩባያ ጨምረሽ አማስዪ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ዓይንሽ እያየ ይፈታል፣ ውኃ ሳይጨመርበት። የፈላ ላይ ከጨመርሽው አይሠራም፤ የቀዘቀዘ ላይም አይሠራም። ከፈታ በኋላ መልሰሽ 5 ደቂቃ አፍዪው፤ ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ ጀርም ሊኖረው ይችላል። እንዲህ የተሠራ ገንፎ ቀጭን ይመስላል ግን ዱቄቱ እጥፍ ነው፤ የሥርዓተ ምግብ የማንኪያ ሙከራ ለእሱ አይሠራም።

ሥርዓተ ምግብ

ልክ ነው፣ ለብቅል ገንፎ ሙከራው አይሆንም።

ካካ ማድረቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው። አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ውኃ ከምግብ ጋር በኩባያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎንጨት ታድርግ፤ ፓፓያ ወይም የተቀቀለ ዱባ ጨምሪ፣ ያልበሰለ ሙዝ አቁሚ። ሳሙና በቂጥ ማስገባት የለም። ደም ካየሽ ወይም ሆዷ ተነፍቶ ካስመለሳት ሐኪም ቤት።

ፍልሰታ፦ ሕፃን አይጾምም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም። ቤቶች የሚቸገሩት ዕቃው እንዳይነካካ ነው። ለልጅቷ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማማሰያ፣ ሳሕንና ማንኪያ ለይታችሁ በሌላ ቀለም ስፖንጅ እጠቡ። በቃ፣ 15ቱን ቀን እንቁላሏ አይቋረጥም። ይኼ በተለይ ለዐቢይ ጾም ወሳኝ ነው፤ 55 ቀን ለ8 ወር ልጅ ረጅም ጊዜ ነው። አንቺም ስለምታጠቢ ንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዳዴ ከመጀመሯ በፊት ሁለት ነገር። ቆሎ፣ ለውዝ በፍሬው፣ ሙሉ ወይን ወለል ላይ እንዳይገኝ። ቡና ሲፈላ ከስኒው ረከቦት ሥር የወደቀውን አንድ ፍሬ ቆሎ ከአዋቂ በፊት የምታየው እሷ ናት። ስትመገብ «ኧክ» ብላ ፊቷ ከቀላና ድምፅ ካላት ራሷ ታወጣዋለች፣ ጣት አትስደጂ፣ ይበልጥ ትገፊዋለሽ። ድምፅ ከሌላትና ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ክንድሽ ላይ በሆዷ አስተኝተሽ፣ ጭንቅላቷ ዝቅ ብሎ፣ በትከሻዎቿ መሐል በመዳፍሽ 5 ጊዜ ምቺ፤ ካልወጣ ገልብጠሽ ከጡቶቿ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ የደረቷን አጥንት በአንድ እጅሽ መዳፍ ሥር 5 ጊዜ ተጫኚ፤ እየቀያየርሽ፣ ሰው እየጠራሽ።

ሌላው፣ ተቅማጥ ከጥርስ ጋር አይያያዝም። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ይመጣሉ፤ ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምታስገባበት ጊዜ ነው። «የወተት ጥርስ ይነቀል፣ እንጥል ይቆረጥ» የሚሉ ቢመጡ በር አትክፈቱ፤ መድማትና ቴታነስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ተቅማጥ ከያዛት 1 ፓኬት ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ፤ ዚንክ 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን። ጡትም ምግብም አይቋረጥ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ደም ካለበት በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ።

የጎፋዋ እናት

ብቅሉ ሠራ፣ እውነትም ይፈታል! የመጨረሻ ጥያቄ፦ 6 ወሯን ከሞላች ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ነገር አለ? የ14ኛውን ሳምንት ክትባት ጨርሳለች።

ሥርዓተ ምግብ

አለ። ቪታሚን ኤ፣ 100,000 ዩኒት፣ ሰማያዊዋ ካፕሱል፤ ጫፏ ተቆርጦ አፏ ላይ ይጨመቃል፣ ነጻ ነው። ከ1 ዓመቷ በኋላ በየ6 ወሩ ቀይዋ፣ 200,000። በዚያው ይመዝኗት፣ ክንዷንም በቴፕ ይለኳት፤ ከ12 ተኩል ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እንዲነግሩሽ ጠይቂ። ቀጣዩ ክትባት በ9 ወሯ የኩፍኝ ነው። ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፤ ቪታሚን ኤው እዚያው ላይ ካልተጻፈ በዘመቻ ጊዜ ድጋሚ ሊሰጧት ይችላሉ።